የተሸነፈው ወገን የት ገባ?

አንድ ፓርቲ ጉባኤውን ጨርሶ መግለጫ ሲያወጣ ሁላችንም የምንፈልገው ማን እንደተመረጠ ነው። ያ ፓርቲ ይታመን አይታመን ለማወቅ ግን የበለጠ የሚጠቅም ጥያቄ አለ፤ የተሸነፈው ወገን የት ገባ? ከስድስት ወር በኋላ በፓርቲው ምክር ቤት ተቀምጦ ይከራከራል? «አንጃ» ተብሎ ተባሯል? ወይስ ወጥቶ ሌላ ፓርቲ መሥርቷል? በዚህ ጥያቄ ብቻ የፓርቲዎቻችንን የሠላሳ ዓመት ታሪክ ቢፈትሹት፣ መራጩ «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለው ከመሬት ተነስቶ እንዳልሆነ ይገባል።

የፓርቲ ጓዳ የአባላቱ ጉዳይ ነው፣ መራጩን ምን አገባው የሚሉ አሉ። በእኛ ሥርዓት ይህ አያስኬድም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እዚያ አብላጫ ያለው ድርጅት ደግሞ ሊቀመንበሩን ይዞ ይመጣል። አቶ መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ተተኩ፤ እሳቸው በየካቲት 2010 ሥልጣን ለመልቀቅ ሲጠይቁ ዶ/ር ዐቢይ አሕመድ መጡ። በሁለቱም ጊዜ ጠቅላላ ምርጫ አልተካሄደም። ለ2007ቱ ምርጫ ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ በመጋቢት 2010 ግን አገሪቱን ማን ይምራ የሚለው የተቆረጠው 180 አባላት ባሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው፤ ከአራቱ ድርጅቶች ከእያንዳንዳቸው 45 ሰው። ውጤቱም ዶ/ር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶ/ር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2። ተደምሮ 169 ድምፅ።

ይህ ቁጥር በአደባባይ መሰማቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ለዓመታት «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ሲባል የኖረ ሰው፣ በገዢው ግንባር ውስጥ እውነተኛ ፉክክር እንዳለና አሸናፊውም 64 ከመቶ ገደማ እንዳገኘ አወቀ። ስድስት ወር ብዙ ነገር ይቀይራል፤ በመስከረም 2011 በሐዋሳ በተካሄደው 11ኛው ጉባኤ ሊቀመንበሩ ከ177 ድምፅ 176ቱን አገኙ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔን የሚያሳምነኝ የመጀመሪያው ነው። 64 ከመቶ ማለት የተቃወመ ሰው ተቆጥሯል ማለት ነው። 99 ከመቶ ግን፣ እውነተኛ ድጋፍ እንኳን ቢሆን፣ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ፍርሃትና ፍቅር የማይለዩበት ቁጥር ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ንዑስ አንቀጽ 3 በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫ ነፃና ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። አንቀጹ ሁሌም የሚጠቀሰው ስለ መምረጥና መመረጥ መብት ሲወራ ነው፤ ይቺ ሦስተኛዋ ንዑስ አንቀጽ ግን ተረስታ ትኖራለች። የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ ይህንኑ ወደ መተዳደሪያ ደንብ፣ ጠቅላላ ጉባኤና ምርጫ ቦርድ አውርዶታል።

ከሕጉ በላይ የከረመው ግን ባህሉ ነው። ኢሕአዴግ ይመራበት የነበረው ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት በወረቀት ላይ ሲነበብ ችግር የለበትም፤ ከውሳኔ በፊት ክርክር፣ ከውሳኔ በኋላ ተገዢነት። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። የተሸነፈው ሐሳብ ከዚያች ቀን በኋላ የሚኖርበት ቦታ የለውም። በሚቀጥለው ጉባኤ እንዳይነሳ ይደረጋል፤ ያነሳውም በግምገማ ይመታል። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ሲከፈል አሥራ ሁለት የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት የወጡበት መንገድ ይኸው ነበር። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በነሐሴ 2016 መቀሌ ላይ የድርጅቱ 14ኛው ጉባኤ ሲካሄድ፣ በአቶ ጌታቸው ረዳ የሚመራው ወገን አልገባም አለ፤ ጉባኤው ያለ እነሱ ተካሄደ፣ በኋላም ከዚያ ወገን አዲስ ፓርቲ ወጣ። ምርጫ ቦርድ በበኩሉ ሕወሓት በልዩ ሁኔታ ሲመዘገብ በስድስት ወር ውስጥ ቦርዱ በሚታዘብበት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲያካሂድ የተጣለበትን ግዴታ አላሟላም ብሎ በግንቦት 2017 ምዝገባውን ሰረዘ። በቦርዱና በፓርቲው መካከል ያለው ሙግት ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚታየው ከአንድ ትውልድ በኋላም ተሸናፊው መውጫ በር እንጂ መቀመጫ እንዳልተዘጋጀለት ነው።

ተቃዋሚው ጎራ በዚህ ከገዢው አልተሻለም፤ ይህን ማለት ያማል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት 109 የፓርላማ ወንበር፣ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት ደግሞ ከ138 ወንበር 137ቱን አገኘ። ቅንጅቱ የአራት ፓርቲዎች፣ የመኢአድ፣ የኢዴፓ-መድኅን፣ የቀስተ ደመናና የኢዴሊ ስብስብ ነበር። ወደ አንድ ፓርቲ መዋሃዱ በወቅቱ ስላላለቀ «ማኅተሙ ማን ዘንድ ነው?» የሚለው ከፕሮግራሙ በላይ ከባድ ጥያቄ ሆነ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ በ1999 መጨረሻ ሲፈቱ ልዩነቱ አብሯቸው ወጣ። በሰሜን አሜሪካ ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ሰልፍ ሲወጡ የኖሩ የድጋፍ ማኅበራት ሁለት ቦታ ተሰነጠቁ፤ በአንድ ከተማ ሁለት አዳራሽ፣ ሁለት ሊቀመንበር። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለሦስተኛ ቡድን ሰጠው። ስሙን ያጡት ወገኖች በወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ መሪነት አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን መሠረቱ።

አንድነትም በጥር 2007 ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው። ክርክሩ የፓርቲውን ፕሬዚዳንት የመምረጥ ሥልጣን የማን ነው፣ ጉባኤውስ በደንቡ መሠረት ተጠርቷል ወይ የሚል ነበር። ጠቅላላ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው ቦርዱ ለአንደኛው ወገን ፈረደ፤ በተመሳሳይ ሰሞን መኢአድም ላይ እንዲሁ ሆነ። ቦርዱ በዚያ ዘመን የገዢው ፓርቲ እጅ አለበት ተብሎ በብርቱ ይተች ነበር፤ ትችቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁንና የውጭ እጅ የሚገባው የተከፈተ በር ሲያገኝ ነው። የጉባኤ አባላት ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ምልዓተ ጉባኤው በምን እንደሚሞላ፣ አስቸኳይ ጉባኤ ማን መጥራት እንደሚችል ቁልጭ አድርጎ ያልጻፈ ደንብ፣ ፓርቲውን ለፈለገ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ደንብ ነው። ወ/ሪት ብርቱካን በኅዳር 2011 የዚያው ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። የሌላ አገር ታሪክ ቢሆን ኖሮ ልብ ወለድ ይመስል ነበር።

በግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ኢዜማን ሲመሠርቱ ከዚህ ሁሉ የተማሩ ይመስላል። አደረጃጀቱን በምርጫ ወረዳ ላይ አቆሙ፤ ለመንግሥት ሥልጣን የሚወዳደረውን «መሪ» እና የፓርቲውን ቤት የሚያስተዳድረውን «ሊቀመንበር» ለዩ። በ2014 መገባደጃ በተደረገው ጉባኤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት፣ ዶ/ር ጫኔ ከበደና አቶ የሺዋስ አሰፋ ለሊቀመንበርነት በግልጽ ተፎካከሩ። ከመንግሥት ጋር አብሮ መሥራት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በመካከላቸው እንዳለ ከውጭ ያለ ሰውም ያውቅ ነበር። ፕሮፌሰር ብርሃኑና ዶ/ር ጫኔ አሸነፉ። እስከዚህ ድረስ በአገራችን ብዙም ያልታየ መልካም ነገር ነው። ከዓመት ገደማ በኋላ ግን ነባር አመራሮችን ጨምሮ በርካታ አባላት ፓርቲውን ለቀው ወጡ። ምርጫው ጥሩ ነበር፤ ከምርጫው ማግሥት ያለው ቀን አልተሠራበትም።

እንግዲህ ብልሽቱ ከየት ነው የሚጀምረው? ከጉባኤው አዳራሽ አይደለም። ከወራት በፊት፣ ከአባላት መዝገብ ነው።

በድሮው አዋጅ 573/2000 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 1,500፣ ክልላዊ ደግሞ 750 መሥራች አባላት ይበቁ ነበር። አዋጅ 1162 ይህን ወደ 10,000 እና 4,000 ከፍ አደረገው። ሐሳቡ ስም እንጂ አባል የሌላቸውን የቦርሳ ፓርቲዎች ማጥራት ነው። በተግባር ግን ፊርማ የማሰባሰብ ዘመቻን ወለደ። ለመሥራችነት የፈረመ ሰው ሁሉ አባል አይደለም፤ ወርሃዊ መዋጮ የማይከፍል፣ ስብሰባ ያልተጠራ፣ አንዳንዴም ምን ላይ እንደፈረመ የማያስታውስ ብዙ ነው። ይህ መዝገብ ሳይጠራ ለውስጥ ምርጫ ከዋለ፣ መዝገቡን የያዘው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከዕጩዎቹ ሁሉ በላይ ጉልበት አለው፤ የማንን ስም ቀበሌ ድረስ ወርዶ «አለ» እንደሚል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ዜጎች የፓርቲ አባልነታቸውን በኢንተርኔት እንዲያጣሩ ሲፈቀድ፣ ብዙ ሰዎች ሰምተውት በማያውቁት ፓርቲ ተመዝግበው ተገኙ። መታወቂያ ቁጥራቸው ያለፈቃዳቸው ተወስዶ ነበር። አንድ ሰው ራሱን በማያውቀው ፓርቲ መዝገብ ላይ ካገኘ በኋላ ያ ፓርቲ ስለ ታማኝነት ቢሰብክለት ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ መዝገቡ ከጉባኤው ቢያንስ 90 ቀን ቀድሞ ይዘጋል። በእያንዳንዱ ስም ፊት የገባበት ቀን፣ የሚኖርበት ወረዳና የመጨረሻው መዋጮ ደረሰኝ ቁጥር ይሰፍራል። ከተዘጋ በኋላ የሚገባ አባል እንኳን ደህና መጣ ይባላል፤ በዚህኛው ጉባኤ ግን ድምፅ የለውም። ቅጂው ለሁሉም ዕጩዎች በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ሥልጣን ላይ ላለው ሦስት ወር ቀድሞ፣ ለተፎካካሪው ከሦስት ቀን በፊት ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጉባኤ ተወካዮች አመራረጥ ነው፤ ብዙ ጉባኤ የሚያልቀው እዚህ ነው፣ ማንም ሳያየው። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንየው። ፓርቲው 12,000 አባላት አሉት እንበል፤ ለ40 አባል አንድ ተወካይ ቢሆን 300 ተወካይ ይወጣል። ደንቡ ግን የምክር ቤት አባላት፣ የዞን ሰብሳቢዎች፣ የሴቶችና የወጣቶች ሊግ ኃላፊዎች «በቀጥታ» የጉባኤ አባል ናቸው ይላል፤ እነዚህ 90 ናቸው እንበል። ጉባኤው 390 ሰው ሆነ። ለማሸነፍ 196 ድምፅ ያስፈልጋል። ዘጠናዎቹን የሾማቸው ነባሩ አመራር ስለሆነ ለእሱ ቢቆሙ፣ ተፎካካሪው ከ300ዎቹ 196ቱን ማግኘት አለበት፤ 65 ከመቶ ማለት ነው። ነባሩ መሪ ግን ከ300ዎቹ 106 ቢያገኝ ይበቃዋል፤ 35 ከመቶ። ኮሮጆ መገልበጥ አላስፈለገም፣ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ነው። በቀጥታ የሚገቡት ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እንዳይበልጡ ቢደነገግ ይህ ግፍ ወደ ሚታገሡት ልክ ይወርዳል። ወረዳ ላይም ተወካይ የሚመረጠው በምስጢር ድምፅ ሆኖ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ሰዎች ስምና ፊርማ ካልሰፈረ፣ «ከላይ የተላከ ስም» ማጽደቂያ ይሆናል።

በአዳራሹ ውስጥ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። ምልዓተ ጉባኤው ጠዋት ላይ ይቆጠራል፤ ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ነው። የክፍለ ሀገሩ ተወካይ አውቶብስ እንዳያመልጠው ወጥቷል። ያኔ እንደገና ካልተቆጠረ፣ ነገ አንድ ቅር ያለው ሰው ቦርድ ሄዶ ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሊያስጥለው ይችላል፤ እውነትም አለው። ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት መቁጠር አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አስመራጭ ኮሚቴውን ሥራ አስፈጻሚው አስቀድሞ አዘጋጅቶት ከመጣ ደግሞ ጥቆማ የሚባለው ነገር ለይስሙላ ነው፤ «ጥቆማው ይበቃል» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ ይነሳል፣ ጭብጨባ ይከተላል። ለማዕከላዊ ኮሚቴ ወንበሩ 45 ሆኖ የቀረበው ዕጩም 45 ከሆነ ያ ምርጫ አይባልም።

ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ከጀርባው የአስመራጭ ኮሚቴው ምልክት ኖሮት፣ በስም ጥሪ አንድ በአንድ ታድሎ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ይሞላል። አሁን አዲስ ጣጣ መጥቷል፤ ስልክ። ምልክት ያደረገበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ለላከው ሰው ማሳየት ያለበት ተወካይ ምስጢራዊ ድምፅ አልሰጠም። ስልክ መጋረጃው ዘንድ ሳይደርስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል። ቆጠራው በአዳራሹ ፊት ይሁን፤ ሲነገርም «በአብላጫ ድምፅ» ተብሎ አይታለፍ፤ የታደለው፣ የተመለሰው፣ የተበላሸው፣ ለእያንዳንዱ ዕጩ የተሰጠው ሁሉ በቁጥር ይነበብ።

አንድ ነገር ግን ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። የውስጥ ዴሞክራሲ በራሱ የመራጭ እምነት አይገዛም። የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች እ.ኤ.አ. በ2022 መሪ ሲመርጡ የፓርላማ አባሎቻቸው በመጨረሻው ዙር ለሪሺ ሱናክ 137፣ ለሊዝ ትረስ 113 ድምፅ ሰጡ፤ ተራ አባላቱ ግን 81,326 ለ60,399 ትረስን መረጡ። አሠራሩ ንጹሕ ነበር። ሴትዮዋ ከ50 ቀን ያነሰ ቆይተው ወረዱ፤ ፓርቲው በመራጩ ዘንድ የነበረውንም ግምት ይዘው ወረዱ። የፓርቲ አባል ከተራው መራጭ የተለየ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ቆራጥ፣ ይበልጥ ጽንፈኛ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። በጋና አዲሱ የአርበኞች ፓርቲ ይህን አይቶ ዕጩ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን ተወካዮች ከሁለት ሺህ ገደማ ወደ ከመቶ ሺህ በላይ አሳደጋቸው። ሁለት ሺህ ሰው በገንዘብና በአበል ይያዛል፤ መቶ ሺህ ሰው ለመያዝ ግን ይከብዳል። ገንዘቡ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ዋጋው ወደደ።

መራጩ ፓርቲን በቅርብ የሚያገኘው በወረዳው ዕጩ በኩል ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ጉዳት ከሁሉ ቶሎ ይታያል። ለ547ቱ የምርጫ ክልሎች ዕጩ ሲቀርብ፣ የወረዳው አባላት ያልመረጡት፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ሰው ሲመጣ ገበያው ውስጥ በአንድ ቀን ይወራል። የወረዳው ኮሚቴ ተቀይሞ ቤቱ ይቀመጣል፤ ምርጫው ቀን ታዛቢ የሚሆን ሰው ይጠፋል። ፓርቲው ድምፅ ተሰረቀብኝ ሲል፣ ሌቡን ያየለት ሰው የለውም።

ከምርጫው ማግሥት ወዳለው ቀን እንመለስ፤ ተሸናፊው የሚቀረው ወይም የሚወጣው ያኔ ነውና። ቅሬታ በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል፤ የሚያየውም ሥራ አስፈጻሚው የሾመው ኮሚቴ ሳይሆን በዚያው ጉባኤ ለብቻው በምስጢር ድምፅ የተመረጠ፣ ከአመራሩ ማንም ያልተቀላቀለበት የኦዲትና ኢንስፔክሽን ኮሚሽን ይሆናል። ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ወደ ቦርድና ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ይዞት የሚሄደው ይህን ነው። በምረጡኝ ዘመቻ ወቅት ለተነገረ ነገር ማንም በሥነ ሥርዓት ኮሚቴ እንዳይከሰስ ደንቡ ይከለክላል። ከ390 ድምፅ 160ውን ያገኘ ወገን፣ ከምክር ቤቱ 45 ወንበር 18 ያህሉ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ እንዲሆን አባላቱ ለምክር ቤት የሚመርጡት በዝርዝር፣ ወንበሩ ከድምፁ ጋር እየተመጣጠነ እንጂ አሸናፊው ሁሉን የሚጠቀልልበት እንዳይሆን ደንቡ ከጉባኤው በፊት መጻፍ አለበት። በኋላ የሚሰጥ ወንበር ችሮታ ነው፤ ችሮታ ደግሞ ይነጠቃል።

የመጨረሻው ርክክብ ነው፤ ከማንኛውም የፖለቲካ ንግግር በላይ ፓርቲ ሲያፈርስ የታየው ይህ ነው። ድሮ ማኅተም ብቻ ነበር። ዛሬ ሦስት ነገር ነው፤ ማኅተሙ፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ ያሉት ፊርማዎች፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጹ የይለፍ ቃል። ሦስቱም ከጉባኤው በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ፣ ሁለቱም ወገኖችና የኢንስፔክሽን ኮሚሽኑ ባሉበት፣ በዝርዝር ተጽፈው ይረከባሉ። ገጹን የሚያስተዳድረው ልጅ ከተሸነፈው ወገን ከሆነና የይለፍ ቃሉን ይዞ ከሄደ፣ በማግሥቱ አገሩ ሁሉ የሚያነበው ሁለት የተለያየ መግለጫ ነው፤ አንዱ ከአሮጌው ማኅተም ጋር፣ ሌላው ከአዲሱ።